ማንም ያልጠየቃት ጥያቄ

ይኸውላችሁ፣ ነገሩ ደሴ ላይ ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ አጥሩን ተጠግተው፣ ጃንጥላ ተክለው የሚውሉ ራፖር ጸሐፊዎች አሉ። በየከተማው ስላሉ የማያውቃቸው የለም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አሮጌ የጽሕፈት መኪና፣ ነፋስ እንዳይወስደው ጠጠር የተጫነበት ወረቀት። ባለጉዳዩ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ የሆዱን ይዘረግፋል፤ ጸሐፊው ግማሹን ሰምቶ፣ ግማሹን ከልማዱ ጨምሮ፣ ይቀጠቅጠዋል። እናቴም አንድ ቀን ከነዚህ ከአንዱ ፊት ተቀምጣ ነበር። ጎረቤቷ አጥሩን ሲያድስ ወደ እሷ ግቢ ገፋ አድርጎ ተከለው። ሽማግሌ ቢላክበት አሻፈረኝ አለ። ክስ ሆነ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ የእህቴን ልጅ ይዛ ሄደች፤ ልጅቱ ያኔ 9ኛ ክፍል ናት። ጸሐፊው ጨረሰና ወረቀቱን ከመኪናው መዥርጦ፣ "እማማ፣ እዚህች ላይ ጣትዎን ያሳርፉ" አለ። "ቆይ፣ መጀመሪያ ላንብብላት" አለች ልጅቱ። ሰውየው ፈገግ አለ። እሷ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። መሐል ላይ ስትደርስ ግን ዝም አለች። "ከሳሽ አጥራቸውን ሦስት ክንድ ያህል ገፍተው በመትከላቸው" ይላል ወረቀቱ። ከሳሿ ማን ናት? እናቴ! "ተከሳሽ" ከሚለው ላይ "ተ" ወድቃ ቀርታለች። እናቴ እንግዲህ በገዛ ጣቷ፣ አጥር የገፋሁት እኔ ነኝ ብላ ልታምን ነበር ማለት ነው።

ጸሐፊው ደነገጠ፤ ወረቀቱን ቀዶ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና ጻፈው። ሲያቀብላትም፣ "አንቺስ ጠበቃ ነሽ" አላት። ለቀልድ ያላት ነው። እሷ ግን የምሯን ወሰደችው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ያችን የተለመደች ጥያቄ ሲያነሣ፣ ማለት "ዶክተር ነው ወይስ ኢንጂነር መሆን የምትፈልጊው?" ሲላት፣ "ሕግ ነው የምማረው" ትላለች። 11ኛ ክፍል ስትገባ ሶሻል መረጠች። አባቷ ከፋው። "ጎበዝ ተማሪ ሶሻል ይገባል እንዴ?" አለ። በአገራችን ይህ አባባል ስንቱን ልጅ ከፍላጎቱ እንዳጣላ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። እሷ ግን መልስ ነበራት። ስለ ራፖሩ፣ ስለዚያች ስለ ወደቀች "ተ"፣ ስላልተማረ ሰው በስሙ የሚጻፍበትን ሳያውቅ ስለ መፈረሙ እያነሣች አስረዳችው። አባቷም ዝም አለ። መሸነፉ ነው።

ልብ በሉልኝ፤ ይህች ልጅ "ለምን ሕግ?" ብሎ ለሚጠይቃት የሚሆን መልስ ገና በልጅነቷ አዘጋጅታ፣ ዓመት ባለፈ ቁጥር እያሻሻለች ይዛው ነበር። የትረካዬ ጉዳይም እሱ ነው።

እናቴ ስለ ትምህርቱ ስትሰማ አልገባትም። "ሕግ ደግሞ በትምህርት ቤት ይማሩታል?" አለች። አይፈረድባትም። እሷ የምታውቀው ሙግት አባቷ ያወሩላት ነው፤ በላ ልበልሃ ተባብለው፣ ዋስ ጠርተው፣ ነጠላ አጣፍተው፣ በአንደበት የሚረቱበት። መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው "በሕግ አምላክ!" ከተባለ ባለበት የሚቆምበት ዘመን ነበር። በመጽሐፍ የተደነገገው የፍትሐ ብሔር ሕግ የመጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ረቂቁን ያሰናዱት ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ ሊቅ ናቸው። 3367 አንቀጽ! ይህን ሁሉ አንቀጽ ማን ያንብበው፣ ማን ይፍረድበት? የሕግ ፋኩልቲው በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው ከዚያ በኋላ በ1956 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ዲንም ጄምስ ፖል የሚባሉ አሜሪካዊ ነበሩ። ሕጉ ቀድሞ፣ ትምህርት ቤቱ ተከትሎ መጣ እንግዲህ። ያ ፋኩልቲ ለረጅም ዓመታት በአገሩ ብቻውን ኖረ። ዛሬ ከመቀሌ እስከ ሐዋሳ፣ ከጎንደር እስከ ሐሮማያ የሕግ ትምህርት ቤት አለ። በሩ በዛ። ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ግን አሁንም አንድ ነው፤ እሱም ቁጥር ነው።

የቁጥሩ ነገር እንዲህ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ልጅቱ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ተቀመጠች። በኩረጃና በፈተና ስርቆት የተነሣ ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ በዩኒቨርሲቲዎች ሆኖ ነበር። ስለዚህ አንሶላዋን ጠቅልላ፣ ስልኳን ለእናቷ አስረክባ፣ በር ላይ ተፈትሻ ገባች። በዚያ ዓመት ክልሉ ሰላም አልነበረም፤ ፈተናው አዳራሽ ሳይደርሱ የቀሩ ብዙ እኩዮቿ አሉ። እሷ ዕድል ቀናት፤ ተፈትና ወጣች።

ከዚያ ክረምቱ ጠና። ደሴ በነሐሴ ምን እንደምትመስል ለሚያውቅ አልነግረውም፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ በር ላይ ይቆማል። ቤት ውስጥ አንድ ወሬ ብቻ ነው። ጎረቤት ስኳር ሊበደር ይመጣና "ውጤት አልወጣም እንዴ?" ይላል። ቴሌግራም ላይ "ነገ ይወጣል" ይባላል፤ ነገ ይመጣል፣ ውጤቱ አይመጣም። የፈጠራ ወሬ እየለጠፈ ተከታይ የሚሰበስብ ሰው በልጅ ልብ ሲጫወት ምን ይሰማው ይሆን እላለሁ፤ ለማንኛውም ይለፈን።

ጳጉሜን ገባ። የትምህርት ሚኒስትሩ ብርሃኑ ነጋ በቴሌቪዥን ቀርበው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ናቸው ሲሉ ቤቱ ጸጥ አለ። እህቴ ለበዓሉ ድፎ ልትደፋ ያቦካችው ሊጥ ገንፍሎ ከዕቃው እየወረደ ነው፤ የሚያየው የለም። ልጅቱ የመለያ ቁጥሯን ጽፋ ወደ 6284 ላከች። መልስ የለም። ደግማ ላከች። አሁንም የለም። አገር ሙሉ በአንድ ጊዜ እየላከ ነው። አባቷ "ስልኩ ይሆናል፣ በእኔ ሞክሪ" አለ። በእሱም ሞከረች። እናቴ ብቻ ከተቀመጠችበት ሳትነቃነቅ ውዳሴዋን ትደግማለች። ማታ ላይ ስልኩ ጢው አለ። ከ600፣ 371።

እህቴ እልል አለች። እናቴ "ስንተኛ ወጣሽ?" አለች። በእሷ ቤት ውጤት ማለት ደረጃ ነው።

እንቁጣጣሽ ደመቀ፤ ዘመድ መጣ፣ ሰው ሁሉ "የእኛ ዳኛ!" አላት። እኔም ብዬአለሁ። ነገር ግን ወገኖቼ፣ 371 ዩኒቨርሲቲ ያስገባል እንጂ ሕግ አያስገባም። ይህንን ያላወቀው ዘመድ ብዙ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢ ሁሉ መጀመሪያ ፍሬሽማን ነው፤ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይማራል። ሕጉ ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ምደባ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ እሷ በዚያ በኩል አልሄደችም፤ ሌሎቹን በቅደም ተከተል ሞላች። የደረሳት ቅርብ ካሉት አንዱ ሳይሆን ወደ ደቡብ ራቅ ያለ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የማወራው ወቀሳ ስላለበት። እናቴ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጠረችላት፤ ሄደች።

አሁን ወደ ዋናው መጠበቅ ደረስን። ከዚህ በፊት ያለው ለሁሉም የተሰጠ ነው፣ ከአገር ጋር አብሮ ይጠበቃል። የዲፓርትመንት ምርጫ ግን ከጎን አልጋ ከምትተኛው ልጅ ጋር የሚደረግ ሽሚያ ነው። ሕግ የሚቀበለው የተወሰነ ሰው ነው፤ የሚፈልገው ብዙ ነው። ስለዚህ ዶርሙ ሁሉ ሒሳብ ቤት ሆነ። ማን ስንት ጂፒኤ አለው? ማን ሎውን አንደኛ ሊሞላ ነው? "እኔ ማኔጅመንት ነው የምሞላው" የምትለው ልጅ እውነቷን ነው ወይስ ተወዳዳሪ ልታዘናጋ? ሲኒየሮች መጥተው "ዘንድሮ ሎው ትንሽ ነው የሚወስደው አሉ" ብለው ይሄዳሉ። ማን አለ? አይታወቅም። አሉ ነው።

አንድ ምሽት ደወለችልኝ። ቅጹ ወጥቷል።

"ጋሼ፣ እስከ ታች ድረስ አየሁት" አለች። "ስም አለ፣ መለያ ቁጥር አለ፣ አንደኛ ምርጫ፣ ሁለተኛ ምርጫ እያለ ይወርዳል። ለምን የሚል ቦታ የለውም።"

"ምን ልትጽፊበት ነው?" አልኳት።

"የእማማን ራፖር ነዋ!"

ሳቅን። ግን ድምጿ ውስጥ ቅር ያላት ነገር ነበር፤ ለዓመታት የያዘችው መልስ ጠያቂ አጣ።

ለንደን የሚኖረው የወንድሜ ልጅም ዘንድሮ ሕግ ሊማር አመልክቷል። እዚያ በአንድ ማመልከቻ እስከ 5 ቦታ ድረስ መጠየቅ ይቻላል፤ አንዳንዱ የሕግ ትምህርት ቤትም ለብቻው ፈተና አለው። በ2026 ለሚገቡት ደግሞ ማመልከቻው ላይ የሚመለሱ ሦስት ጥያቄዎች ወጥተዋል፤ የመጀመሪያው ይህን ትምህርት ለምን መማር ትፈልጋለህ የሚል ነው። ልጁ ምን እንደሚጽፍ ጨንቆት ለሳምንታት ሲያስቸግረን ከረመ። ለአንዱ ጥያቄው ሞልቶ መልሱ ጠፋ፤ ለሌላዋ መልሱ ሞልቶ ጥያቄው ጠፋ።

ቅጹ ተሞልቶ ተሰጠ። ዝርዝሩ በዚህ ሳምንት ይወጣል ተባለ፤ አልወጣም። ለምን እንደዘገየ የነገራቸው የለም። ሬጅስትራር ሄደው ቢጠይቁ "ሲወጣ ታዩታላችሁ" ነው መልሱ። ልጅ እንቅልፍ እያጣ መሆኑን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይመልስም፤ ቀን ቆርጦ ይናገራል፣ ቀኑ ቢያልፍ እንኳ ይቅርታ ይላል። እሷም ስልክ መደወል ቀነሰች። እናቷ በየቀኑ "በላሽ?" ትላታለች፤ "በላሁ" ትላለች። ሌላ ወሬ የለም።

በመጨረሻ አንድ ሌሊት ዝርዝሩ በክፍላቸው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለቀቀ። የሁሉም ስም፣ በየዲፓርትመንቱ። ሎው ከሚለው ሥር ስሟን አገኘችው። በመጀመሪያው ገጽ ሳይሆን ወደ መጨረሻው። ግን አለች።

ደስታው ሳይቆይ ከላይኛው አልጋ ለቅሶ ሰማች። ጓደኛዋ ናት። አካውንቲንግ ነበር የምትፈልገው፤ አባቷ ሱቅ አላቸው፣ ቁጥር ትወዳለች፣ ሕልሟ እሱ ነው። ሎውን ሦስተኛ የሞላችው ክፍት ቦታ እንዳይቀር ነው። ሎው ደረሳት። "አምስት ዓመት ሙሉ ምን ልሆን ነው?" እያለች አለቀሰች። አንዱን ዓመት ፍሬሽማን ላይ ስለ ጨረሰችው የቀራት አራት ነው፤ ግን በለቅሶ መሐል ሒሳብ ማን ያርማል? ከሌሊቱ በዚያ ሰዓት አንዷ ደስታዋን ለመደበቅ፣ አንዷ እንባዋን ለመደበቅ ብርድ ልብስ ተከናንበው አደሩ።

እኔን ያናደደኝ ይኼ ነው። ያች ልጅ ብልህ ናት፤ ምናልባት ጥሩ ዳኛ ይወጣታል፣ አልክድም። ሳይወዱ ገብተው በኋላ የወደዱትም አሉ። ግን ከሷ በኋላ የተሰለፈ፣ አንደኛ ምርጫው ሕግ የነበረ፣ በጥቂት ነጥብ ያነሰ አንድ ልጅ ዛሬ ሳይወድ አካውንቲንግ ይማር ይሆናል። ሁለቱን ያገናኘ አንድ ሰው፣ አንድ ወረቀት አልነበረም።

ታዲያ ቃለ መጠይቅ ይደረግ ትላለህ ወይ? አልልም። እንተዋወቃለን እኮ! ቃለ መጠይቅ ያልነው ነገር በዓመቱ የዘመድ መግቢያ ይሆናል። ቁጥር ደረቅ ነው፣ ግን የማንንም አጎት አያውቅም፤ የደሴዋን የራፖር ልጅ ያለ አማላጅ ያስገባትም እሱ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ይኑር።

ልጅቱ አሁን 2ኛ ዓመት ናት፤ ውል ትማራለች። ከመመረቋ በፊት ደግሞ የመውጫ ፈተና ይጠብቃታል፤ ይህ ፈተና ለሁሉም የትምህርት ክፍል የደረሰው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ በሕግ ግን የተጀመረው ከዚያ ከዓመታት በፊት ነው። የአጥሩ ክርክር ይግባኝ ላይ ነው።

ለሕግ ትምህርት ቤት ዲኖች አንድ ልመና አለኝ። የምርጫው ቅጽ ላይ፣ ከቁጥሮቹ ሥር፣ "ለምን?" የምትል አንዲት መስመርና ከሥሯ ግማሽ ገጽ ባዶ ቦታ ጨምሩ። ነጥብ አይሰጣት፤ ማንንም አታስገባ፣ ማንንም አታስወጣ። ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ ግን ቁጭ ብላችሁ አንብቧት፤ በፈቃዳቸው ቦታ ሊለዋወጡ የሚችሉትን ልጆች አገናኙ።