መንግሥቱ ወርቁ፡ በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎሎች ያስቆጠረው አጥቂ፣ የ1982ቱ አሰልጣኝ

በካርቱም፣ በሰማያዊ ናይል ዳር የሚገኘው ጀሪፍ የሱዳን ጦርነት በ2023 (እአአ) ከመቀስቀሱ በፊት በርካታ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ይኖሩበት የነበረ ሰፈር ነው። ከተማዋ በኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ ውስጥም ስፍራ አላት። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በ1957 የተካሄደው በካርቱም ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተሸንፋለች።

ከአምስት ዓመታት በኋላ ሁለቱ አገራት በአዲስ አበባ ዳግም በፍጻሜ ተገናኙ። በዚያን ዕለት የመጨረሻዋን ጎል ያስቆጠረው የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ ነበር።

የ1962ቱ ድል

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም በተደረገው ጨዋታ ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ ነበር። ኢትዮጵያ ሁለቱንም ጊዜ አቻ ሆነች። ሁለተኛዋን የአቻነት ጎል መደበኛው ሰዓት ሊጠናቀቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ያስቆጠረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው።

በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ደግሞ በ117ኛው ደቂቃ አራተኛውን ጎል አከሉ። በይድነቃቸው ተሰማ የሚመራው ቡድን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ ዋንጫን አላነሳችም።

መንግሥቱ በውድድሩ ሦስት ጎሎችን በማስቆጠር ከግብፁ ባደዊ ጋር የኮከብ ግብ አግቢነትን ክብር ተጋራ። በተሳተፈባቸው የአፍሪካ ዋንጫዎች በድምሩ 10 ጎሎችን ያስቆጠረ ሲሆን፣ ይህም ከኢትዮጵያውያን ተጫዋቾች ሁሉ የላቀ ነው። የውድድሩ የምንጊዜም ክብረ ወሰን ባለቤት ካሜሩናዊው ሳሙኤል ኤቶ 18 ጎሎች አሉት።

ከሜዳ ወደ አሰልጣኝነት

ታላቅ ግብ አግቢ መሆን ለታላቅ አሰልጣኝነት ዋስትና አይሆንም። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 260 ጎሎች ያሉት አለን ሺረር በ2009 ኒውካስልን የመራው ለስምንት ጨዋታዎች ብቻ ነበር። ያሸነፈው አንዱን ሲሆን ክለቡም ከሊጉ ወርዷል።

መንግሥቱን የገጠመው ፈተናም ቀላል አልነበረም። በ1982 ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ሊቢያ ወደተዘጋጀው የአፍሪካ ዋንጫ ሲያመራ ምድቡ የወቅቱን ሻምፒዮን ናይጄሪያን፣ ዛምቢያንና አልጄሪያን ያካተተ ነበር። ኢትዮጵያ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፋ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ጎል ተለያየች።

በአህጉሪቱ መድረክ 10 ጊዜ መረብ ያናወጠው ሰው የመራው ቡድን አንድም ጎል ሳያስቆጥር ተመለሰ። ይሁን እንጂ ነጥብ የተጋራችው አልጄሪያ በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ያሸነፈች ብርቱ ቡድን ነበረች።

ያላየው መመለስ

ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ ለ31 ዓመታት ከአፍሪካ ዋንጫ ራቀች። መንግሥቱ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም ሕይወቱ ሲያልፍ አገሩ ገና ወደ መድረኩ አልተመለሰችም ነበር።

የመመለሻው መንገድ በዚያው በካርቱም አቅራቢያ አለፈ። በ2012 የማጣሪያ ጨዋታ ኢትዮጵያ በኦምዱርማን በሱዳን 5 ለ 3 ብትሸነፍም፣ አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈች። በድምር 5 ለ 5 የተለያዩ ቢሆንም፣ ከሜዳዋ ውጭ ባስቆጠረቻቸው ጎሎች ብልጫ አለፈች።

ደቡብ አፍሪካ ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ስትለያይ ጎሉን ያስቆጠረው አዳነ ነበር። ዕለቱም ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም፣ መንግሥቱ ግብፅ ላይ አራተኛውን ጎል ካስቆጠረ ልክ 51 ዓመት የሞላበት ነው።