ሐይቅ ሞልቶን ሜዳ የመረጥነው ለምንድነው?

ከሶዶ ወደ ሐዋሳ በዲምቱ በኩል ተጉዛችሁ ከሆነ የብላቴን ወንዝ ተሻግራችኋል። ወንዙ አፈር ተሸክሞ ወደ ደቡብ ይወርድና አባያ ሐይቅ ይገባል። የአባያ ስፋት ከ1,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እስቲ አስቡት፤ ሳይደለደል፣ አስፋልት ሳይፈስበት የተዘረጋ ማረፊያ! ታዲያ የውሃ አውሮፕላን ለምን አልለመድንም?

ከፍታው አይፈቅድም ትሉ ይሆናል። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ይደክማሉ፤ ውሃው ደግሞ አውሮፕላኑን ይዞ አለቅ ይላል። እውነት ነው፤ ግን መልሱ እሱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1937 የእንግሊዙ ኢምፔሪያል ኤርዌይስ ትላልቅ የውሃ አውሮፕላኖቹን ዓባይን ተከትሎ በካርቱምና በማላካል ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ፣ ከዚያም እስከ ደርባን ያበር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የእሱ ወራሽ ቢ.ኦ.ኤ.ሲ. ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ ሐይቅ ላይ ያርፍ ነበር። ናይቫሻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,880 ሜትር ገደማ ነው፤ አባያ ከዚያ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል።

የውሃ አውሮፕላኑን ያሸነፈው ሒሳብ ነው። ጦርነቱ በየቦታው የማረፊያ ሜዳና ርካሽ የየብስ አውሮፕላን ትቶ አለፈ። ቢ.ኦ.ኤ.ሲ.ም በ1950 የውሃዎቹን አቆመ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 በረራ የጀመረው ከጦርነት በተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነው፤ ለእነሱ ደግሞ ደልዳላ የሣር ሜዳ ይበቃቸዋል፣ እረኛው ከብቶቹን ገለል ካደረገ ማለት ነው።

ሒሳቡ ዛሬም ያው ነው። አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁ የአብራሪነት ፈቃድ ካለው፣ የውሃ አውሮፕላን ተጨማሪ ፈቃድ ማውጣት አይከብደውም። አዲስ የጽሑፍ ፈተና የለም፣ ይህን ያህል ሰዓት ብረር የሚል ገደብም የለም። ብዙዎች ሁለት ሦስት ቀን ሠልጥነው የተግባር ፈተናውን ይወስዳሉ፤ ወጪው በጥቂት ሺህ ዶላር ያልቃል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፈቃዱን ይዞ «አከራዩኝ» ቢል፣ አስተማሪ ሳይቀመጥበት አውሮፕላን የሚሰጠው እምብዛም አያገኝም። ኢንሹራንሱ አይቀመስማ! ውሃ ላይ ፍሬን የለም፤ ሞተሩ እንደተነሳ አውሮፕላኑ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ንፋስ ወደ ድንጋይ ይገፋዋል፤ ውሃ ውስጥ የተደበቀ ግንድ ተንሳፋፊ እግሩን ይቀደዋል።

አሁን ይህን ሰው አባያ ላይ አምጡት። ውሃው ደለል ስላለበት ቀይ ቡናማ ነው፤ ግንዱ አይታይም። ዳር ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ተንሳፋፊው ላይ ወጥቶ አውሮፕላኑን በገመድ የሚስበው አብራሪው ራሱ ነው። አባያ ደግሞ አዞም ጉማሬም አለው። የትኛው ኢንሹራንስ ይፈርምለታል?