ወቅቱን ያልጠበቀ የበጋ አውሎ ነፋስ ከሳተላይት ሲታይ፦ ሚዛን ተፈሪ፣ ቴፒና አካባቢው

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በተለይም በቤንች ሸኮና በሸካ ዞኖች፣ ከጥቅምት ጀምሮ ያሉት ወራት ቡና የሚለቀምባቸው፣ የሚደርቅባቸውና ወደ ገበያ የሚወጣባቸው ናቸው። በበበቃና በቴፒ እንዳሉት ዝቅ ባሉ ቦታዎች ለቀማው ቀደም ብሎ ይጀመራል። በዚህ ወቅት ከሰዓት በኋላ በድንገት የሚነሣ ነጎድጓዳማ ደመና ኃይለኛ ነፋስና በረዶ ቀላቅሎ ሲመጣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ይርሳል፣ የጥላ ዛፎች በቡናው ላይ ይወድቃሉ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ይገነጠላል። እንዲህ ያለው ክስተት ከሕዋ ላይ ምን ያህል እንደሚታይና ምኑ እንደማይታይ ማወቅ ማስጠንቀቂያን በትክክል ለመረዳት ይጠቅማል።

በቅድሚያ አንድ የቃላት ጉዳይ ግልጽ መሆን ይኖርበታል። ከውጭ የሚመጡ ጽሑፎች “የክረምት ቶርኔዶ” ሲሉ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ ቀዝቃዛ ወቅት ማለታቸው ነው፤ ይህ በአብዛኛው ከእኛ በጋ ጋር ይገጥማል። ቶርኔዶ ከነጎድጓዳማ ደመና ሥር እስከ መሬት የሚወርድ፣ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከር የአየር ዐምድ ነው። በአማርኛ አውሎ ነፋስ የሚለው ስያሜ ግን ሰፋ ያለ ነው። ቶርኔዶን ብቻ ሳይሆን ከደመና ወደ ታች ተወርውሮ መሬት ሲነካ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚበተነውን ነፋስ፣ በውቅያኖስ ላይ የሚፈጠረውንም ግዙፍ ማዕበል ይጨምራል። በቡናው ምድር ጣሪያ የሚያነሣውና ዛፍ የሚጥለው ነፋስ በአብዛኛው ከደመና ወደ ታች የሚወርደው ዓይነት ነው። በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ላይ የሚታየው የአቧራ ሽክርክሪት ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ የሚፈጠረው ከጋለ መሬት እንጂ ከደመና አይደለም።

በበጋ ለምን?

በበጋ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ከሰሜን ምሥራቅ በሚነፍስ ደረቅ አየር ሥር ይውላል። ደቡብ ምዕራቡ ግን የዝናብ ወቅቱ ረጅም፣ ደኑም ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ፈጽሞ አይደርቅም። አልፎ አልፎ ከሜዲትራኒያን አቅጣጫ ወደ ደቡብ የሚዘልቅ የከፍተኛ አየር ሥርዓት ቀዝቃዛ አየር ይዞ በላያችን ሲያልፍ፣ ከሕንድ ውቅያኖስና ከኮንጎ ተፋሰስ እርጥበት አዘል አየር ይሳባል። ከላይ ቀዝቃዛ፣ ከታች ሞቃትና እርጥብ አየር ሲገናኙ ደመናው በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ላይ ይወነጨፋል። የሚዛን ተፈሪና የቴፒ ተራራማ ዳርቻዎች ደግሞ አየሩ ወደ ላይ እንዲነሣ ያግዛሉ።

የምዕራቡ የሕንድ ውቅያኖስ ክፍል ከምሥራቁ ይበልጥ በሚሞቅባቸው ዓመታት ይህ ዕድል ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ2019 መጨረሻ በምሥራቅ አፍሪካ ወቅቱን ያልጠበቀ ከባድ ዝናብ የጣለው በዚህ ዓይነት ሁኔታ ነው።

ሳተላይቱ የሚያየው

ምድርን በ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆኖ የሚመለከት የሚቲዎሮሎጂ ሳተላይት ቶርኔዶን ራሱን አያይም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የአየሩ ዐምድ ስፋት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት አሥር እስከ ጥቂት መቶ ሜትር ሲሆን፣ የሁለተኛው ትውልድ ሜትዮሳት ሳተላይት የሙቀት ምስል አንዷ ነጥብ ግን ከሳተላይቱ በታች ባለው ቦታ እንኳ 3 ኪሎ ሜትር ትሸፍናለች። ሁለተኛ፣ ክስተቱ የሚፈጠረው ከደመናው ሥር ነው፤ ሳተላይቱ ደግሞ የሚያየው የደመናውን ጣሪያ ነው።

ጣሪያው ግን ብዙ ይናገራል። የደመናው ጫፍ ከፍ ባለ ቁጥር ቅዝቃዜው ይጨምራል፤ በትልልቅ ነጎድጓዳማ ደመናዎች ላይ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እና ከዚያም በታች ይደርሳል። የትንበያ ባለሙያው በተከታታይ ምስሎች ላይ ጣሪያው በምን ያህል ፍጥነት እንደቀዘቀዘ ይከታተላል። ከጠፍጣፋው የደመና ጣሪያ በላይ እንደ ጉብታ ብቅ ያለ ክፍል ከታየ፣ ከሥሩ ያለው ወደ ላይ የሚወጣ አየር እጅግ ኃይለኛ ነው ማለት ነው። በውሃ ትነት ምስሎች ላይ ደግሞ ደረቁ የላይኛው አየር እንደ ጥቁር መቀነት ተዘርግቶ ይታያል። የመቀነቱ ጠርዝ ወደ ደቡብ ምዕራቡ ሲጠጋ፣ ሰማዩ ገና ጥርት ብሎ ሳለ በማግስቱ ደመና ሊነሣ እንደሚችል ለባለሙያው ይጠቁማል።

የመጀመሪያው የሚቲዎሮሎጂ ሳተላይት ቲሮስ-1 ወደ ሕዋ የተላከው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። አፍሪካን በቋሚነት የሚመለከተው ሜትዮሳት በ1977 ሥራ ጀመረ። ከ2002 ወዲህ የመጡት የሁለተኛው ትውልድ ሳተላይቶች በ12 የብርሃንና የሙቀት መስመሮች በየ15 ደቂቃው ምስል ይልካሉ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2022 የተላከው የሦስተኛው ትውልድ የመጀመሪያ ሳተላይት መስመሮቹን ወደ 16፣ ድግግሞሹን ወደ 10 ደቂቃ ያሳደገ ሲሆን፣ መብረቅን ቀንም ሌሊትም የሚቆጥር መሣሪያ ተገጥሞለታል። በአንድ ደመና ውስጥ የመብረቅ ብዛት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በድንገት መጨመሩ ኃይለኛ ነፋስ ወይም በረዶ ሊከተል እንደሚችል ከሚጠቁሙ ምልክቶች አንዱ ነው።

ሳተላይቱ የቆመበት ቦታም ለቡናው ምድር ልዩነት ያመጣል። ከግሪንዊች መስመር በላይ የቆመው ሳተላይት ሚዛን ተፈሪን የሚያየው በአግድመት ስለሆነ፣ 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው የደመና ጫፍ በካርታው ላይ ከትክክለኛ ቦታው ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ተገፍቶ ይታያል። እርማት ካልተደረገለት ማስጠንቀቂያው ለሌላ ቀበሌ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሕንድ ውቅያኖስ አቅጣጫ በ45.5 ዲግሪ ምሥራቅ የቆመው ሜትዮሳት-9 አካባቢውን ከአናት በላይ ሊባል በሚችል ሁኔታ ስለሚያይ ስሕተቱ በእጅጉ ያንሳል።

ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ወደ ሕዋ የላከችው የመሬት ምልከታ ሳተላይት ለዚህ ሥራ የታሰበ አልነበረም። መሬትን እየዞረ ስለሚያልፍ አንድን ደመና ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሊከታተል አይችልም፤ ሁለቱን የማምታታት ነገር አልፎ አልፎ ይስተዋላል።

የሳተላይት ምልከታን አቅምና ወሰን አንድ ላይ ያሳየ የውጭ አገር ክስተት አለ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 2021 ሌሊት በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት የሜይፊልድን ከተማ ያወደመው ቶርኔዶ ለ3 ሰዓት ያህል መሬት ሳይለቅ 266 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ 57 ሰዎችን ገድሏል። ጎዝ-16 የተባለው ሳተላይት ደመናውን በሙቀት ምስልና በመብረቅ ቆጠራ ተከታትሎታል። ከደመናው ሥር ያለውን ሽክርክሪት ለይቶ ያሳየው ግን የመሬት ራዳር ነው። በቀጣዮቹ ቀናት የመሬት ምልከታ ሳተላይቶች ክስተቱ ትቶት ያለፈውን ጠባሳ እንደ መስመር ተዘርግቶ አሳይተዋል።

ከምስል ወደ ቡና ማድረቂያው

ራዳር በማይደርስበት አካባቢ የሳተላይቱ ድርሻ ይበልጥ ይጎላል። ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተጠሪ የሆነው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሳተላይት ምስሎችን በመቀበያ ጣቢያ ተቀብሎ ከምድር ጣቢያዎች ምልከታ ጋር ያጣምራል። በሚዛን ተፈሪም በቴፒም የምልከታ ጣቢያዎች አሉ። ይሁንና በተለመደው አሠራር የዝናብ መለኪያው በቀን አንድ ጊዜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይነበባል። መለኪያው ምን ያህል እንደዘነበ በትክክል ይናገራል፤ በስንት ሰዓትና ከየት አቅጣጫ እንደመጣ የሚናገረው ሳተላይቱ ነው። በምስሉ ላይ 12፡00 ተብሎ የሚጻፈው ዓለም አቀፍ ሰዓት ለእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት መሆኑን ምስሎቹን በኢንተርኔት የሚከታተሉ ሁሉ ልብ ሊሉት ይገባል።

ደመናው ከተነሣ በኋላ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ የግማሽ ሰዓት ወይም የአንድ ሰዓት ዕድል ብቻ ሊሰጥ ይችላል። አጭር ቢመስልም ቡናን ለመሸፈን፣ ለቃሚዎችን ከትልልቅ ዛፎች ሥር ለማራቅ፣ ከብትን ለመሰብሰብ ይበቃል። የወንዛና የሳሳ ዛፎች ለቡናው ጥላ ቢሆኑም በነጎድጓድ ሰዓት መጠለያ አይደሉም። ነፋስ ቅርንጫፋቸውን ይገነጥላል፣ መብረቅም ይስባሉ። በደረቅ ዝግጅት ከነገለፈቱ የተሰጣ ቡና ዳግመኛ ከረጠበ ሻጋታ ያነሣል፤ የጣዕም ጉድለቱም ተቆልቶ ሲቀመስ ይወጣል። ለክምችት የሚመከረው የእርጥበት መጠን 12 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ የረጠበን ቡና ወደዚያ ለመመለስ ተጨማሪ የፀሐይ ቀናት ያስፈልጋሉ።

ብዙም የማይነገርለት ሌላ ጉዳት አለ። የቡና ተክል ከደረቅ ጊዜ በኋላ ዝናብ ባገኘ በ10 ቀናት ገደማ ያብባል። በታኅሣሥ ወይም በጥር የሚጥል ያልተጠበቀ ዝናብ የተወሰነውን ዕንቡጥ ያለጊዜው ስለሚያፈካ፣ በቀጣዩ ዓመት በአንድ ዛፍ ላይ አረንጓዴና ቀይ ፍሬ ተደባልቆ ይገኛል። ለቀማው ይደጋገማል፤ ወጪውም ይጨምራል። ስለዚህ የዝናቡን ቀን መዝግቦ መያዝ የቀጣዩን ምርት ለማቀድም ያገለግላል።

ከነፋሱ በኋላ

ነፋሱ ካለፈ በኋላ እንደ ሴንቲኔል-2 ያሉ ሳተላይቶች በ10 ሜትር ጥራት የወደቀ ደን ያለበትን ቦታ ሊያሳዩ ይችላሉ። ደመና ከከለከላቸው በራዳር የሚሠራው ሴንቲኔል-1 ደመናውን አልፎ ያያል። ነገር ግን በጥላ ሥር ያለ የቡና ተክል ጉዳት ከላይ አይታይም፤ የነፋሱን ዓይነትም ለመለየት ከሁሉ የሚያስተማምነው በቦታው ያለ ሰው ዓይን ነው። የወደቁ ዛፎች ሁሉ ከአንድ መካከል ወደ ውጭ ተበትነው ከተገኙ፣ ወይም ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ካጋደሉ፣ ነፋሱ ከደመና የወረደ ነው። በጠባብ መስመር ላይ እርስ በርስ ተጠላልፈውና ወደ መስመሩ መካከል አጋድለው ከተገኙ ግን የሚሽከረከር ነፋስ አልፏል የሚለው ግምት ሚዛን ይደፋል።

ስለሆነም የደረሰ ጉዳት ሲኖር ዛፎቹ ከመነሣታቸው በፊት አቅጣጫቸው፣ ነፋሱ የጀመረበትና ያቆመበት ሰዓት፣ በረዶ ከነበረም መጠኑ ተመዝግቦ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም በአቅራቢያ ለሚገኘው የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ቢደርስ፣ ባለሙያዎች ከዚያው ሰዓት የሳተላይት ምስል ጋር ሊያስተያዩት ይችላሉ። በስልክ የሚነሣ ፎቶግራፍ ዛፉን ከነሥሩ የሚያሳይ፣ ቢቻል ደግሞ የአካባቢው መንገድ ወይም ወንዝ የሚታይበት ቢሆን ይመረጣል።