ገበጣን የፈታው ኮምፒውተርና የአያቴ ጉድጓዶች

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባለው ገጠር ከብት ጠብቆ ያደገ ልጅ ገበጣን አያጣትም። ሰሌዳ አይገዛላትም፤ መሬቱን በዱላ ጫፍ ቆፈር ቆፈር አድርጎ፣ ጠጠር ለቅሞ ዋርካ ጥላ ሥር መቀመጥ ብቻ ነው። እኔም የተማርኳት እንደዚያ ነው። ከአያቴ ጋር ስንጫወት ታዲያ አንድ ነገር ይገርመኝ ነበር። ጠጠሩን በጣቱ ሳይቆጥር፣ አየት አድርጎ ብቻ «ይቺን ካነሳህ አራት እበላብሃለሁ» ይለኛል። ይበላብኛልም። እንዴት አወቅህ ስለው ይስቃል እንጂ አይመልስም።

ምህንድስና ስማር ጥያቄው ተመልሶ መጣ፦ አንድን ጨዋታ እስከ ጥግ ድረስ «መፍታት» ይቻላል ወይ?

ስለ እንቆቅልሽ የዓለም ሪከርድ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ፍጥነትን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ሀንጋሪያዊው ኤርኖ ሩቢክ ባለ ቀለሙን ኪዩብ የሠራው በ1974 ነው። በ1982 ቡዳፔስት ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ሚን ታይ በ22.95 ሰከንድ ፈትቶ አሸነፈ። በ2023 ደግሞ ማክስ ፓርክ በ3.13 ሰከንድ ጨረሰው። ዓይንን ሸፍኖ መፍታት የራሱ ውድድር አለው፤ እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ በእግር መፍታት እንኳ ይፋዊ የውድድር ዓይነት ነበር!

እኔን የሚገርመኝ ሪከርድ ግን ሌላ ነው፤ እሱም ለገበጣ የሥጋ ዘመድ ነው። በምዕራብ አፍሪካ አዋሪ የሚባል ጨዋታ አለ፦ 12 ጉድጓድ፣ 48 ጠጠር። በ2002 አምስተርዳም በሚገኘው ፍሬ ዩኒቨርሲቲ ጆን ሮማይንና ሄንሪ ባል የተባሉ ተመራማሪዎች 144 ፕሮሰሰሮችን አገናኝተው ለ51 ሰዓት አሠሩ። ኮምፒውተሩ 889,063,398,406 የጠጠር አቀማመጦችን መረመረ። በሰከንድ አንድ አቀማመጥ እያየን ብንቀጥል ከ28 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅብናል።

ይሄ ሁሉ ቁጥር ከየት መጣ? እስቲ በወረቀት ሞክሩት። አንድ ጠጠር በ12 ጉድጓድ ውስጥ በ12 መንገድ ይቀመጣል። ሁለት ጠጠር በ78፣ ሦስት ጠጠር በ364። አንድ ጠጠር በጨመርን ቁጥር መንገዱ እንዲህ እየበዛ ይሄዳል።

ዘዴው ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት መሄድ ነው። ጥቂት ጠጠር ብቻ ሲቀር ማን እንደሚያሸንፍ ማወቅ ቀላል ነው። ጠጠር ሲበላ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የ10 ጠጠር ጨዋታ ጠጠር ሲበላበት ቀድሞ መልሱ ወደታወቀ ትንሽ ጨዋታ ይወርዳል። እንዲህ እያሉ እስከ 48 መውጣት ነው። የተገኘው መልስ ምን ነበር? ሁለቱም ተጫዋቾች ምንም ካልተሳሳቱ 24 ለ24፣ አቻ።

አሁን ወደ አገር ቤት እንመለስ። የገበጣ ቤተሰብ በእኛ አካባቢ ዕድሜው ረጅም ነው፤ በየሃና በመጠራ የተገኙ የሰሌዳ ስብርባሪዎችን የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ከ6ኛውና ከ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጋር ያያይዟቸዋል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት ደግሞ በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ላይ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚታወቁ ብዙ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግቧል። ባለ ሁለት ረድፍ አለ፣ ባለ ሦስት አለ፣ ባለ አራትም አለ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ኮምፒውተር አዋሪን መፍታት የቻለው ሕጉ ተጽፎ፣ አንድም ነገር ሳይጎድል ስለተሰጠው ነው። ሕጉን ትንሽ ከቀየርነው የድሮው መልስ አይሠራም፤ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። ሕጉ ጭራሽ ከጠፋ ግን 144 አይደለም አንድ ሚሊዮን ፕሮሰሰር ቢሰለፍ የሚሠራው ነገር የለም። አያቴ የሚጫወትባትን ሕግ ማንም አልጻፋትም፤ እኔም ጭምር። እሱ ካረፈ በኋላ ልጽፍ ስቀመጥ ግማሿ ብቻ ነበረች የቀረችኝ። የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ምን ይሆን እንደነበር እስካሁን ከወንድሜ ጋር እንከራከራለን።

ስለዚህ ለበዓል ወደ ገጠር ስትሄዱ ደብተር ያዙ። አራት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ጉድጓድ? ስንት ጠጠር? በየት አቅጣጫ ይዞራል? መቼ ይበላል? ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ተጫወቱ፤ በአፍ ሲነገር የተረሳው ሕግ ሲጫወቱ ይወጣልና። መሸነፋችሁ አይቀርም፤ ግን የተሸነፋችሁበትንም ጻፉት።