የሉት ሙግት

እንግሊዛዊው ቶማስ ሜስ በ1676 ባሳተመው ወፍራም የሙዚቃ መጽሐፍ ለሉት (በጣት የሚደረደር ባለ አውታር መሣሪያ) ባለቤቶች ያልተለመደ ምክር ይሰጣል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መሣሪያችሁን ቀን ቀን አልጋ ውስጥ፣ በብርድ ልብሱና በአልጋ ልብሱ መካከል አስተኙት ይላል። ሰው በየሌሊቱ የሚተኛበት አልጋ ደረቅና ሞቅ ያለ ስለሆነ ሙጫው አይላቀቅም፤ አውታሩም በእርጥበት አይበላሽም። ቀጥሎም ያስጠነቅቃል፦ ማንም ሳያይ ዘሎ አልጋው ላይ እንዳይወድቅ፤ በዚህ መንገድ የተሰባበሩ ደህና ደህና ሉቶች ያውቃልና።

ሜስ በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ዘማሪ ነበር። ጆሮው እየደከመ ሲመጣ የሚሰማውን ድምፅ ፍለጋ 50 አውታር ያለው ድርብ ሉት ለራሱ ሠርቷል። መጽሐፉን የጻፈው የሚወደው መሣሪያ ከሰው እጅ እየወጣ ሳለ ነው። በሉት ላይ የሚወራውን ክስ ሁሉ እየጠራ መልስ ይሰጥበታል፦ ለመማር ይከብዳል፣ ልጆችን ያጎብጣል፣ ለአውታሩ የሚወጣው ገንዘብ ፈረስ ከመቀለብ አይተናነስም፣ ጊዜውም አልፎበታል። የመጨረሻውን ክስ ግን ለማስተባበል ጊዜው ራሱ አላገዘውም።

ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት መቶ ዓመታት ግን አውሮፓ ያለ ሉት አይሆንላትም ነበር። መሣሪያው የመጣው ከዓረቡ ኡድ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን በተለይ በስፔን በኩል ገባ። አውሮፓውያን በአንገቱ ዙሪያ የአንጀት ክር እያሰሩ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ ለዩለት። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ በላባ መምታቱን ትተው በጣት መደርደር ጀመሩ። አውታሩ እንደ በገናችን ከበግ አንጀት የሚሠራ ነበር። ሆዱ ከሚሊ ሜትር ብዙም ከማይበልጡ ስስ የእንጨት ዘንጎች እየተጣበቀ ስለሚገነባ ሙሉ መሣሪያው አንድ ኪሎ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ባለሙያው ላውክስ ማለር በ1552 ቦሎኛ ውስጥ ሲሞት በተደረገው ቆጠራ ከአንድ ሺህ በላይ ሉቶች ዎርክሾፑ ውስጥ ተገኝተዋል። ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ ያለችው የጀርመን ከተማ ፉሰን ደግሞ በ1562 ለሉት ሠሪዎች የራሳቸውን የሙያ ማኅበር አቋቁማለች።

ይህ ሁሉ ሉት ለአዳራሽ አልተሠራም። ድምፁ ትንሽ ነው፤ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ለጥቂት ሰዎች ነው የሚጫወቱበት። ይህን ከመጽሐፍ ሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው እንግሊዛዊው ሉት ተጫዋች ጆን ዳውላንድ በ1597 ለንደን ያሳተመው የዘፈን መጽሐፍ ነው። ገጹ ሲከፈት ዋናው ዜማና የሉቱ ክፍል ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሌሎቹ ድምፆች ደግሞ ወደሌሎቹ ጎኖች ዞረው ታትመዋል። አንድ መጽሐፍ ጠረጴዛ መሐል ላይ ይቀመጥና ወዳጆች ዙሪያውን ከበው፣ ሁሉም የየራሱን ከፊቱ እያነበበ ያዜማል። 

ዳውላንድ ራሱ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ሥራ ጠይቆ አልተቀበሉትም። በ1598 ወደ ዴንማርክ ሄደና ንጉሥ ክርስቲያን አራተኛን አገለገለ፤ ደመወዙ ጥሩ ነበር፣ በሥራው ግን ላላ ብሎ በ1606 ተሰናበተ። በአገሩ ቤተ መንግሥት ቦታ ያገኘው በ1612 ነው፤ ሀምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል።

መሣሪያው በመጨረሻ በገዛ እጁም ተጎድቷል። ዝቅ ያለ ድምፅ ሲፈለግ አውታር ተጨመረ፤ በ1500 ገደማ ስድስት ረድፍ (አንዱ ረድፍ በአብዛኛው ጥንድ አውታር ነው) የነበረው እስከ አሥራ ሦስት ረድፍ፣ እስከ 24 አውታር ደረሰ። መቃኘቱ ማለቂያ አልነበረውም። ጀርመናዊው የሙዚቃ ጸሐፊ ዮሐን ማቴሰን በ1713 ሰማንያ ዓመት የኖረ ሉት ተጫዋች ስልሳውን ዓመት ሲቃኝ እንዳሳለፈው ቁጠሩ ብሎ ተሳለቀ። ሉት ተጫዋቹ ኤርንስት ጎትሊብ ባሮን በ1727 ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ መለሰለት። የዘመኑ ታላቅ ተጫዋች ሲልቪየስ ሊዮፖልድ ቫይስም ስለ መሣሪያው ሳይከራከር አላለፈም። (ይኸው ቫይስ በ1722 አንድ ቫዮሊን ተጫዋች አውራ ጣቱን ነክሶት ሥራውን ሊያጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የሙዚቀኞች ጠብ የዛሬ አይደለም።) ቫይስ በ1750 ሞተ። ከእሱ በኋላ በነበረው ትውልድ ሉት እየተረሳ ሄደ።

ከመምህር ወደ ተማሪ የሚያልፈው ክር ከተበጠሰ በኋላ የቀረው ወረቀትና የሙዚየም ዕቃ ብቻ ነው። ወረቀቱም ታብላቸር የሚባለው ጽሑፍ ነው፤ ኖታ ሳይሆን ጣት የሚያርፍበትን ያመለክታል። በፈረንሳዩና በእንግሊዙ ዓይነት ስድስት መስመር ይሰመራል፣ በየመስመሩ ፊደል ይጻፋል፦ አንደኛው ፊደል ሲሆን አውታሩ ሳይያዝ ይመታል፣ ሁለተኛው ሲሆን የመጀመሪያው ቦታ ላይ ይያዛል። ከላይ የሚታየው ምልክት ድምፁ መቼ እንደሚጀምር ይናገራል፤ መቼ እንደሚያበቃ ግን ዝም ይላል። ከፊደሉ ሥር ነጥብ ካለ በአመልካች ጣት ምታ ማለት ነው። እጅ እንዴት እንደሚዘረጋ፣ ጥፍር ይኑር አይኑር፣ ድምፁ ደረቅ ይሁን ለስላሳ፣ ለእነዚህ መልሱ በሙግት ነው የተገኘው።

ሙግቱን የጀመረው ፈረንሳይ ተወልዶ እንግሊዝ የኖረው አርኖልድ ዶልሜች ነው። የመጀመሪያ ሉቱን በ1893 ሠራ፤ ቆይቶም ሄዝልሚር በምትባል ትንሽ ከተማ ሰፍሮ በ1925 የጥንታዊ ሙዚቃ በዓል አቋቋመ። ከተማሪዎቹ አንዷ ዳያና ፑልተን ነበረች። እሷም በ1956 ከኢያን ሃርውድ ጋር ሆና የእንግሊዝ ሉት ማኅበርን መሠረተች፤ በኋላም በለንደን ሮያል የሙዚቃ ኮሌጅ ሉት አስተማረች። በ1972 ያወጣችው ስለ ዳውላንድ የተጻፈ መጽሐፍ ዛሬም ይጠቀሳል። የማኅበሩ አባላት ብዙዎቹ ሌላ ሥራ የነበራቸው፣ ለሉቱ ፍቅር ብቻ የመጡ ሰዎች ነበሩ።

ሉትን ለሕዝብ ያደረሰው ግን ጁልያን ብሪም ነው። ብሪም ጊታሪስት ነበር፤ ሉቱንም እንደ ጊታር በጥፍር፣ አውታሩ ወደታሰረበት ድልድይ ቀርቦ ይመታ ነበር። መሣሪያዎቹም ከጥንቶቹ የከበዱ፣ በአንገታቸው ላይ በአንጀት ክሩ ፋንታ የብረት ፍሬት (የጣት ማረፊያ መለያ) የተተከለባቸው ነበሩ። በ1970ዎቹ ሠሪዎች የሙዚየሙን ሉት ለክተው ቀለል ያለውን መሥራት ሲጀምሩ ጭቅጭቁ ተጋጋለ። ይህ ሉት ነው ወይስ ጊታር ሉት ለብሶ? በእኔ አስተያየት ተቺዎቹ ስለ መሣሪያው ትክክል ነበሩ። ብሪም ባይኖር ግን በጭቅጭቁ ላይ የሚቀመጥ ሰው ከየት ይመጣ ነበር?

ከሁሉ የከረረው የአውራ ጣት ነገር ነበር፤ ከጣቶች በታች ገብቶ ይምታ ወይስ ወደ ውጭ ይዘርጋ? ማስረጃ ሲፈለግ የኮኒግስበርጉ ዮሐንስ ስቶቤዎስ ከዳውላንድ ዘመን የተወው የእጅ ጽሑፍ ተገኘ። ዳውላንድ መጀመሪያ አውራ ጣቱን ከሥር አድርጎ ይመታ እንደነበር፣ በኋላ ግን ወደ ውጭ እንደዘረጋው ይናገራል። ሁለቱም ወገን በአንድ ሰው እጅ ልክ ሆኖ ተገኘ።

ብዙዎቹ የቆዩ ሉቶችም ቀላል ምስክር አይደሉም። የማለርን ሉት የመሳሰሉት ከፍተኛ ዋጋ ስለነበራቸው በ17ኛው መቶ ዓመት አንገታቸው ተቆርጦ ሰፋ ያለ ተተክቶባቸዋል። ስለዚህ ሆዱ የአንድ ዘመን፣ አንገቱ የሌላ ነው። ተጫዋቾች አሁንም የሚሟገቱት በወፍራሙ አውታር ላይ ነው። በብረት የተጠቀለለ ወፍራም አውታር የመጣው በ17ኛው መቶ ዓመት ስለሆነ፣ የዳውላንድ ዘመን ሰዎች ያን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ከንጹሕ አንጀት እንዴት አወጡ? አንጀቱ በብረት ጨው ይከብድ ነበር የሚሉ አሉ፤ እንደ ገመድ ይፈተል ነበር የሚሉም አሉ። ብዙ ተጫዋቾች እስከዚያው ናይለን ያስራሉ፤ የአንጀቱ ዋጋና በየአየር ጠባዩ መለዋወጡ አልተመቻቸውም። የሮክ ዘፋኙ ስቲንግ በ2006 የዳውላንድን ዜማዎች ከኤዲን ካራማዞቭ ሉት ጋር ዘፍኖ ካሳተመ በኋላ ደግሞ ክርክሩ ወደ ድምፁ ዞረ፤ የሮክ ዘፋኝ ሸካራ ጉሮሮ ለዳውላንድ ይሆናል አይሆንም በሚል።