«የመተማመኛና የበጀት ድጋፍ»

በብሪታንያ «ኮንፊደንስ ኤንድ ሰፕላይ» የሚባል የፖለቲካ ውል አለ። አብላጫ መቀመጫ ያጣ ፓርቲ ብቻውን መንግሥት ሲመሠርት፣ አንድ ትንሽ ፓርቲ የሚኒስትርነት ሹመት ሳይጠይቅ በሁለት ጉዳዮች ድምፁን ሊሰጠው ይስማማል፤ የመተማመኛ ድምፅ ሲጠራና በጀት ሲጸድቅ። በሌላው ሁሉ እንደወደደ ድምፅ መስጠት ይችላል። ስለዚህ ጥምር መንግሥት አይባልም።

ቃል በቃል «እምነትና አቅርቦት» ብንለው አንባቢን እናሳስታለን። እምነት ሲባል ሃይማኖት፣ አቅርቦት ሲባል ስኳርና ዘይት ነው የሚታወሰን። በፓርላማቸው ቋንቋ ሰፕላይ ማለት ምክር ቤቱ ለመንግሥት ወጪ የሚፈቅደው ገንዘብ ነው። «የመተማመኛና የበጀት ድጋፍ» የሚለውን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ቃሉ የማይጠራው ሦስተኛ ነገር ግን አለ፤ ዋጋው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ምርጫ የጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ከ650 መቀመጫዎች 317ቱን ብቻ አገኘ። የሰሜን አየርላንዱ ዴሞክራቲክ ዩኒየኒስት ፓርቲ 10 መቀመጫ ነበረው። ውሉ በዚያው ወር ተፈረመ፤ ለሰሜን አየርላንድም 1 ቢሊዮን ፓውንድ ተጨማሪ ገንዘብ እንዲሰጥ ተወሰነ። ለመንገድ፣ ለፈጣን ኢንተርኔት፣ ለጤና፣ ከዚያም ውስጥ 50 ሚሊዮኑ ለአእምሮ ጤና። በግጭት ዓመታት ለተጎዳ ሕዝብ ይህ ገንዘብ ይገባዋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ገንዘቡ በተሰጠበት መንገድ ላይ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የግምጃ ቤት ሚኒስትር በነበሩት በጆኤል ባርኔት ስም የሚጠራ ቀመር አላት። ለእንግሊዝ ትምህርት ወይም ጤና ተጨማሪ ገንዘብ ሲመደብ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ በሕዝብ ብዛታቸው ልክ ድርሻ ይደርሳቸዋል። ስሌቱ ቢለያይም፣ የእኛ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚወስነውን የድጎማ ቀመር የሚያውቅ ሰው ሐሳቡን ወዲያው ይረዳዋል፤ ገንዘቡ የሚከፋፈለው አስቀድሞ በታወቀ ደንብ ነው። ያ 1 ቢሊዮን ግን ከቀመሩ ውጭ ሄደ። የዌልስ ቀዳሚ ሚኒስትር ካርዊን ጆንስ አጥብቀው ተቃወሙ፤ የስኮትላንድ መንግሥትም እንዲሁ።

በደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች የድንጋይ ከሰል ማውጫዎቹ ከተዘጉ ወዲህ ሥራ ያጡ፣ ሕመምተኛ የበዛባቸው ከተሞች አሉ። እንደራሴዎቻቸው ግን የተቃዋሚው የሌበር ፓርቲ አባላት ነበሩ፤ ሜይ የሚያስፈልጋቸው ድምፅ ከዚያ አልነበረም።