ቆዳ መለኪያ የነበረበት ዘመን፦ የጡት ካንሰር የጨረር ሕክምናና የቆዳችን ታሪክ

 

ዛሬ ትንሽ ታሪክ ላጫውታችሁ። ታሪኩን እንዳነሳ ያደረጉኝ ኮተቤ በምሠራበት ክሊኒክ ያገኘኋቸው አንዲት እናት ናቸው።

እኚህ እናት የመጡት ለደም ግፊት መድኃኒት ነበር። ክንዳቸውን ሲያነሱ ፊታቸው ሲጨማደድ አይቼ "ምን ያምዎታል?" አልኳቸው። የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምናና ኬሞቴራፒ ጨርሰው የጨረር ሕክምና ጀምረዋል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከጡታቸው ስርና ብብታቸው አካባቢ ያለው ቆዳ ጠቆረ፣ ማቃጠልም ጀመረ። ጎረቤት "ጨረሩ እያቃጠለሽ ነው፣ ቢቀርብሽ ይሻላል" አለቻቸው። እሳቸውም ቅቤ ቀብተውበት ለአራት ቀን ሳይሄዱ ቀሩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔም መጀመሪያ ሳየው ቀላል መስሎኝ ነበር። በእጄ ስነካው ግን ይሞቃል፣ አብጧል፣ ከጡት ስር ያለው እጥፋት መላጥ ጀምሯል። ያኑ ዕለት ከሚታከሙበት ቦታ ጋር ተነጋግረን በማግስቱ ተመለሱ።

ሲወጡ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። "ዶክተር፣ ይሄ ጨረር ድሮም እንዲህ ያቃጥል ነበር?"

መልሱ "ድሮስ ከዚህ በጣም የከፋ ነበር" የሚል ነው። እንዴት እንደተሻሻለ ያወቀ ሰው ሕክምናውን በመሃል አያቋርጥም ብዬ ስለማምን ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ።

🔹 ነገሩ የተጀመረው በዓድዋ ዓመት ነው

ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው በጥቅምት ወር 1888 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1895) ነው። አያቶቻችን ለዓድዋ ዘመቻ በወጡበት ዓመት ማለት ነው። በዚያው ዓመት ጥር ወር፣ ጦርነቱ ሊካሄድ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ ቺካጎ ውስጥ ኤሚል ግሩቤ የተባለ ሰው አንዲት የጡት ካንሰር ታማሚ በኤክስሬይ እንዳከመ በኋላ ተናግሯል። ስለዚህ የጡት ካንሰር በጨረር ሕክምና ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አለ።

ችግሩ ጨረሩ በዓይን አይታይም፣ ሲነካም አያምም። ጉዳቱ የሚታየው ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ ነው። የግሩቤ የራሱ እጅ በጨረሩ ተጎድቷል። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ በየቀኑ እጁን ከኤክስሬዩ ፊት እያደረገ ማሽኑን ይሞክር ነበር። ቆዳው ቆሰለ፣ ቁስሉ ወደ ካንሰር ተለወጠ፣ ክንዶቹ ተቆረጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ሞተ። ኤዲሰንም የኤክስሬይ ሥራውን እርግፍ አድርጎ ተወ።

እ.ኤ.አ. በ1901 ደግሞ ፈረንሳዊው ሄንሪ ቤከረል ትንሽ ራዲየም በሰደርያው ኪስ ይዞ ዋለና ከቀናት በኋላ ከኪሱ አጠገብ ያለው ቆዳው ተቃጥሎ አገኘው። ፒየር ኩሪም ሆን ብሎ ክንዱ ላይ ራዲየም አስሮ ቁስሉን ተከታተለ። ሐኪሞች "ጤነኛ ቆዳን እንዲህ ካቆሰለ ዕጢንም ሊያጠፋ ይችላል" ብለው እንዲበረታቱ ያደረጋቸው አንዱ ነገር ይህ ነው።

🔹 "ቆዳው እስኪቀላ ድረስ"

በዚያ ዘመን የጨረር መጠን የሚለካበት አስተማማኝ መሣሪያ አልነበረም። ታዲያ በምን ይለኩ ነበር? በታማሚው ቆዳ! ቆዳውን ለማቅላት የሚበቃው መጠን አንድ መለኪያ ሆኖ ያገለግል ነበር። ሮንትገን የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ስምምነት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። "ቆዳው ቀላ" የሚለው መለኪያ የተሠራው በነጮች ቆዳ ነው። ዛሬም ብዙ የሕክምና መጻሕፍት የጨረር የቆዳ ጉዳትን የሚያስተምሩት "መቅላት" በሚለው ቃል ነው። እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው፤ የእኚያን እናት ቆዳ መጀመሪያ ሳየው ቀላል የመሰለኝም ለዚህ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው መጥቆር ወይም ወይን ጠጅ መምሰል ሆኖ ነው፤ ቆዳው ይሞቃል፣ ይወጠራል፣ ይደርቃል፣ ያሳክካል። ስለዚህ "አልቀላም፣ ደህና ነኝ" ብላችሁ ዝም አትበሉ። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም የሚሰማችሁን ተናገሩ።

🔹 ቆዳን ያዳኑት ሁለት ግኝቶች

አንደኛው መከፋፈል ነው። ፓሪስ ውስጥ ክላውዲየስ ሬጎ የተባለ ሐኪም በአውራ በጎች ላይ ሙከራ አደረገ። የበጉን ዘር ለማምከን የሚበቃ ጨረር በአንድ ጊዜ ሲሰጥ ላይ ያለው ቆዳ ክፉኛ ይጎዳል። በየቀኑ ተከፋፍሎ ሲሰጥ ግን በጉ ይመክናል፣ ቆዳው ይተርፋል። ባልደረባው ሄንሪ ኩታር ይህንን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለካንሰር ታማሚዎች አዋለው። ዛሬ "ለምንድን ነው በየቀኑ የምመላለሰው? በአንዴ ለምን አይጨርሱልኝም?" ለምትሉት መልሱ ይኸው ነው። መመላለሱ ለቆዳችሁ ሲባል ነው።

ሁለተኛው ጥልቀት ነው። የድሮው ኤክስሬይ ጉልበቱን የሚያራግፈው ቆዳው ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ካናዳ ውስጥ ሥራ የጀመረው የኮባልት ማሽን ግን ከፍተኛውን መጠን የሚያሳርፈው ከቆዳው ግማሽ ሴንቲሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነው። ቀጥሎ የመጣው ሊኒየር አክስለሬተር ደግሞ ከዚያም ጠለቅ ይላል።

🔹 ወደ አገራችን ሲመጣ

በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው፤ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ፣ በኮባልት ማሽን። ለረጅም ዓመታት ለመላው አገሪቱ የነበረው ማዕከል እሱ ብቻ ነበር። የኮባልት ጉልበት በየ5 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ባረጀ ቁጥር ታማሚው ጠረጴዛው ላይ የሚተኛበት ደቂቃ ይረዝማል፣ ወረፋውም አብሮ ይረዝማል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ጥቁር አንበሳም ሆነ ጅማ ሊኒየር አክስለሬተር አስገብተዋል።

ሌላም የምሥራች አለ። ቀድሞ ለጡት ካንሰር የተለመደው 25 ቀን፣ ማለትም 5 ሳምንት ነበር። በካናዳና በእንግሊዝ የተደረጉ ትልልቅ ጥናቶች ለብዙ ሴቶች 15 ወይም 16 ቀን እኩል እንደሚሠራ፣ የቆዳ ጉዳቱም እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ከኮተቤ መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ ጥቁር አንበሳ በታክሲ ለምትጋፋ እናት ይህ ትልቅ እረፍት ነው። "ለእኔስ አጭሩ ይሆናል ወይ?" ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

🔹 ታዲያ ዛሬም ቆዳው ለምን ይጎዳል?

ጨረሩ ወደ ጡት የሚደርሰው በቆዳ በኩል አልፎ ነው። በቆዳ ስር ያሉት አዳዲስ ሴሎች ሲጎዱ፣ የላይኛው ቆዳ ሲያልቅ የሚተካው ያጣል። ለዚህ ነው ጉዳቱ በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ የሚመጣው። ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለ1 ወይም ለ2 ሳምንት ሊብስ ይችላል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ አትደንግጡ። አብዛኛውን ጊዜ በወር ጊዜ ውስጥ ይድናል፤ ጥቁረቱ ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል። ጡት ሙሉ በሙሉ ከተነሳ በኋላ አንዳንዴ ቆዳው ራሱ መታከም ስላለበት ሆን ተብሎ ጨረሩ ወደ ላይ እንዲቀርብ ይደረጋል።

የቆዳው መጎዳት ሕክምናው እንዳልሠራ አያሳይም፤ አለመጎዳቱም እንደዚያው። በየመሃሉ መቅረት ግን ለካንሰሩ ሴሎች የማገገሚያ ጊዜ ይሰጣል።

🔹 ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

✔ በየቀኑ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠቡ። አይፈትጉ፤ በንጹሕ ፎጣ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ያድርቁ። የተሠመረልዎትን ምልክት አያጥፉ።

✔ ሽታ የሌለው ማለስለሻ በስሱ ይቀቡ። ወደ ሕክምናው ከመግባትዎ በፊት ግን ወፍራም ቅባት አይቀቡ። የማሳከኩንና የመቆጣቱን ነገር የሚቀንስ የስቴሮይድ ክሬም አለ፤ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይውሰዱ።

✔ ቅቤ፣ ማር፣ የጥርስ ሳሙና፣ የተወቀጠ ቅጠል አይቀቡ።

✔ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ይልበሱ። ሽቦ ያለው ጡት መያዣ ይቅር። የቦርሳ ማንገቻ በታከመው ትከሻ አያድርጉ፤ እንጨትም ሆነ ውሃ ተሸክመው ደረትዎን በገመድ አይጠፍሩ።

✔ ምጣድ ፊት አይቁሙ። ለእነዚህ ሳምንታት እንጀራውን ሌላ ሰው ይጋግር። አባቶች፣ ባሎች፣ ልጆች፦ ይህ የእናንተ ድርሻ ነው።

✔ ፀሐይን ይሸሹ። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ከፍታ ሲጨምር የፀሐይ ጉዳትም ይጨምራል። ብርድ ቢሆንም ነጠላዎን ደረብ ያድርጉ፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላም እንዲሁ።

✔ እንጦጦ ፀበል የሚሄዱ እናቶች ይጠይቁኛል። እምነትዎ ነው፤ እኔ የምለምንዎ ሦስት ነገር ነው፦ ሕክምናውን አያቋርጡ፣ ከላይ የሚወርድ ኃይለኛ ውሃ የታከመውን ቦታ በቀጥታ አይምታው፣ የተከፈተ ቁስል ካለ እስኪድን ይታገሱ።

✔ ልጆችዎን ይቀፉ! ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ሰውነትዎ ውስጥ አይቀርም፣ ወደ ልጅም አይተላለፍም።

⚠ ቆዳው ተልጦ ውሃ ካዠ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለው፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳ ያኑ ዕለት የሚታከሙበት ቦታ ይሂዱ። ከወራት በኋላም ቆዳው ከጠጠረ፣ እጅዎ ካበጠ ወይም አዲስ እብጠት ከወጣ ይታዩ።

እኚያ እናት ሕክምናቸውን ጨርሰዋል። ቆዳቸው ገና ጠቆር እንዳለ ነው፤ ቁስሉ ግን ደርቋል። ባለፈው ሲመጡ ያቺን ጎረቤታቸውን ይዘዋት መጡ። "አስረጃት" አሉኝ። ለሁለታቸውም ይህንኑ ታሪክ ነገርኳቸው፤ ጎረቤቲቱም ለጡት ምርመራ ቀጠሮ ይዛ ሄደች።

ይህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ሰው ካወቃችሁ አጋሩት።